አንበሳ ፍለጋ ሐረና ወረድን

ወዳጆቼ፣ የዛሬዋ ጽሑፍ ረዘም ትላለች። ቡና አስፈልታችሁ አንብቧት።

እስቲ አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። አንበሳ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ልጅ ሆነን ስድስት ኪሎ አንበሳ ግቢ ሄደን በፍርግርግ ያየነውን አይደለም የምላችሁ። ማንም ያልቀለበውን፣ ራሱ አድኖ የሚበላውን፣ በገዛ አገሩ የሚያድረውን አንበሳ ማለቴ ነው።

ነገሩ እኮ ይገርማል። የ1 ብር ሳንቲሙን ገልብጡት፣ አንበሳ አለበት። ለገሀር የቆመው ሐውልት አንበሳ ነው፤ ብሔራዊ ቴአትር አጠገብ ያለውም አንበሳ ነው። አውቶቡሱ አንበሳ፣ ጫማው አንበሳ፣ ባንኩ አንበሳ። ተማሪ ጥሩ ውጤት ሲያመጣ "አንበሳ ነህ!" እንለዋለን። በድሮው ጊዜ አንበሳ የገደለ ጀግና ጎፈሩን ራሱ ላይ አድርጎ ይፎክር ነበር። ስለ መተባበር ስንመክር እንኳ "ድር ቢያብር አንበሳ ያስር" ነው የምንለው። እንዲህ ከአፋችን የማይጠፋውን እንስሳ ግን በዱር ያየው ከመካከላችን ስንቱ ነው?

እኔም አላየሁም ነበር። ባለፈው ዓመት የመንፈቅ ፈተና አልቆ፣ ማርክ አስገብተን፣ አራት መምህራን ሆነን "የት እንሂድ?" ስንባባል ነገሩ ተነሣ። ሳፋሪ ሲባል ቶሎ የሚመጣልን ቴሌቪዥን ላይ የምናየው የኬንያው ማሳይ ማራ ነው። ሜዳው የተንጣለለ፣ አንበሳው መሀል ላይ የተጋደመ፣ ዙሪያውን መኪና የከበበው። ዋጋውን ጠየቅን። የአራታችን የዓመት ደመወዝ ተደምሮ ምን ያህል እንደሚያስኬደን አስልተን ሳቅን። ባዮሎጂ የሚያስተምረው ጓደኛችን ግን አልሳቀም። "ቆይ፣ እኛ ሀገርስ አንበሳ የለም እንዴ?" አለ።

አለ። አዋሽ አለ፣ ኦሞ አለ፣ ጨበራ ጩርጩራ አለ፣ ጋምቤላ አለ። በ2008 ዓ.ም. ደግሞ የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሱዳን ድንበር ላይ ባለው አላጣሽ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ካሜራ አጥምደው አንበሳ በፎቶ አስቀርተዋል፤ ለዓለም አዲስ ዜና ነበር፤ ለአካባቢው ሰው ግን ምኑም አዲስ አልነበረም። በመላው አፍሪካ በዱር የቀረው አንበሳ 23,000 ገደማ ነው ተብሎ ይገመታል። ድሮ ይኖርበት ከነበረው መሬት ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነውን አጥቷል። ስለዚህ ቤታችን ውስጥ ያለን ነገር ቀላል ነገር አይደለም።

እኛ የመረጥነው ባሌን ነው። ምክንያቱም የባሌው አንበሳ እንደ ሌላው ሜዳ ላይ አይኖርም፤ ጫካ ውስጥ ነው የሚኖረው። ሐረና ደን ውስጥ።

በሕዝብ ማመላለሻ በሻሸመኔና በዶዶላ አድርገን ዲንሾ ደረስን። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ዋና ጽሕፈት ቤት እዚያ ነው። ተመዝግበን፣ ክፍያ ከፍለን፣ የሚመራን ስካውት ይዘን፣ ጎባ ላይ መኪና ተከራየን። ከጎባ ወደ ዶሎ መና የሚወስደው መንገድ የሳነቴን አምባ ሰንጥቆ ያልፋል። ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ ትንፋሽ ያጥራል፤ በጠራራ ፀሐይ ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ሆኖ ከጎን ቆሟል፤ ጅባራው እንደ ዘብ ተሰልፏል። እዚያ ላይ ቀይ ቀበሮ አየን። በዓለም የቀሩት ጎልማሳ ቀይ ቀበሮዎች 500 አይሞሉም፤ ከግማሽ በላዩ ያለው ባሌ ውስጥ ነው፤ ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የለም። እሱ ግን ይህ ሁሉ ክብር እንዳለው የሚያውቅ አይመስልም። ፍልፈል ጉድጓድ አፍ ላይ አድብቶ፣ እኛን ገልመጥ አድርጎ፣ ወደ ሥራው ተመለሰ።

ከዚያ አምባው በድንገት ያልቅና መንገዱ ቁልቁል ይወርዳል። ምን ልበላችሁ፣ ሌላ አገር ውስጥ የገባችሁ ይመስላችኋል። መጀመሪያ አስታው ይመጣል። ቀጥሎ ኮሶው፤ ከቅርንጫፉ እንደ ሽማግሌ ጢም ሽበት ተንጠልጥሎበታል። ጉሙ ከዛፍ ወደ ዛፍ ይንቀሳቀሳል። ሐረና ከ3,200 ሜትር ጀምሮ እስከ 1,500 ሜትር ድረስ የሚወርድ ደን ነው፤ ታች በኩል ቡናው ማንም ሳይተክለው በዛፍ ጥላ ሥር ይበቅላል። ሪራ የምትባለውን መንደር አልፈን ካቻ በምትባለው ቦታ ድንኳን ተከልን።

ማታ እሳት አንድደን ተቀመጥን። የስፖርት አስተማሪያችን ስልኩን ቻርጅ አድርጎ፣ "አንበሳው ከመጣ ቪዲዮውን እኔ ነኝ የምቀርጸው" እያለ ነበር። ስካውቱ ፈገግ ብሎ ዝም አለ።

ከሌሊቱ 9 ሰዓት አካባቢ ነቃሁ። ለምን እንደነቃሁ መጀመሪያ አልገባኝም። ከዚያ ሰማሁት። ፊልም ላይ እንደምንሰማው ዓይነት አይደለም። ረዥም ነው፤ የሚያቃስት ይመስላል፤ ከጆሮ ይልቅ ደረት ላይ ነው የሚሰማው። ሁለት ሦስቴ እንደዚያ ካለ በኋላ እያጠረ፣ እየፈጠነ ይሄድና ያቆማል። ካቆመ በኋላ ጫካው ራሱ ትንፋሹን ዋጥ ያደረገ ይመስላል። ከወንዙ ማዶ ነበር። የአንበሳ ግሣት ምቹ በሆነ ሌሊት እስከ 8 ኪሎ ሜትር ድረስ ይሰማል ይባላል፤ ለእኔ ግን ከድንኳኑ ካስማ አጠገብ ነው የመሰለኝ። ቪዲዮ ሊቀርጽ የነበረው ወዳጃችን እስከ ንጋት አንድ ቃል አልተነፈሰም። ሽንቱ የመጣበት ሰው ቢኖርም ማንም ከድንኳን አልወጣም።

ጠዋት ስካውቱ ወደ መንገዱ ወሰደን። እርጥቡ አፈር ላይ ዱካ አለ። ያኔ የሰማነው ትምህርት ስድስት ወር ክፍል ውስጥ ከሚሰጠው ይበልጣል።

"የምንድን ነው?" አለን ስካውቱ።

"የጅብ" አለ አንዱ።

"ጥፍሩን አሳየኝ" አለው።

ጥፍር የለም። ጅብና ውሻ ሲራመዱ የጥፍራቸው ጫፍ መሬቱን ይወጋል፤ ከጣቶቹ ፊት ነጥብ ነጥብ ይታያል። አንበሳና ነብር ግን ጥፍራቸውን እንደ ሰይፍ አፎቱ ውስጥ ከትተው ነው የሚሄዱት። ለዚህ ነው ሳይዶለዱም የሚቆየው። አቦ ሸማኔ ግን ከድመት ወገን ሆኖም ጥፍሩ ዱካው ላይ ይታያል፤ እሱ ለሩጫ እንደ ታኬታ ይጠቀምበታል። አቦ ሸማኔ ማግሣትም አይችልም፤ እንደ ቤት ድመት ነው የሚያንኮራፋው። ነብር ደግሞ ድምፁ እንጨት በመጋዝ ሲቆረጥ ይመስላል። ሐረና ውስጥ ነብርም አለ፤ ስካውቱ እንደነገረን ግን ነብር አያችሁ ማለት ነብሩ መታየት ፈልጎ ነበር ማለት ነው።

የተረከዙን ቅርጽ አሳየን፣ ከኋላ በኩል ሦስት ጉብታ አለው። መዳፌን ዘርግቼ ዱካው ላይ አስቀመጥኩ። ጣቶቼ ብቻ ናቸው ያለፉት። ለካ እኛ ድንኳን ውስጥ ተኮራምተን ሳለን እሱ በመኪና መንገዱ ላይ ዘና ብሎ እየሄደ ነበር። ጫካው ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ አንበሳም እንደ እኛ መንገድ ይመርጣል።

ሦስት ቀን ቆየን። ከርከሮ አየን፣ ድኩላ አየን፣ ጉሬዛ አየን፣ ከባሌ ደኖችና ከአካባቢው በቀር የማትገኘውን የባሌ ጦጣ አየን። አንበሳውን አላየነውም።

"ብራችን ከሰረ" የሚል ይኖራል። እኔ እንደዚያ አልተሰማኝም። አንበሳ በቀን እስከ 20 ሰዓት የሚተኛ እንስሳ ነው። ማራ ላይ ሜዳ ስለሆነ፣ መኪናንም ስለለመደ፣ ተኝቶም ይታያል። ሐረና ላይ ግን ሰው መኖሩን ያውቃል፤ ሰው ደግሞ ለአንበሳ ደግ ሆኖ አያውቅም። ስለዚህ ይደበቃል። መደበቅ ባይችል ኖሮ እስከዛሬ አይቆይም ነበር።

ይህን ሁሉ የጻፍኩት ግን ስለ ዱካው ብዬ አይደለም። በሦስተኛው ቀን ስላገኘናቸው አንድ አባት ብዬ ነው።

ስካውቱ ሪራ አካባቢ ቡና ሊያጠጣን አንድ ቤት አስገባን። ባለቤቱ ዕድሜያቸው የገፋ አባት ናቸው። ቀፎ አላቸው፣ ጥቂት ከብት አላቸው። በአፋን ኦሮሞ ነው ያወራነው፣ ስካውቱ እየተረጎመልን። የጫካ ቡና ቀረበ፣ ማር ቀረበ። ለምን እንደመጣን ጠየቁን። "ሌንጫ ፍለጋ" አላቸው ስካውቱ። ሌንጫ አንበሳ ነው። ሳቁ። ከዚያ ሳቃቸው ቆመ።

"እኔ ጋ መጥቶ ነበር" አሉ።

ከሁለት ወር በፊት ነው። ጊደር ነበረቻቸው። ከብቱ ማታ ከጫካ ሲመለስ እሷ ሳትመለስ ቀረች። ጠዋት ሲፈልጉ ቆዳና አጥንት አገኙ። ሊሸጧት ያሰቧት ጊደር ነበረች፤ ጎባ 9ኛ ክፍል የምትማር ልጅ አለቻቸው፤ ለቤት ኪራይዋና ለቀለቧ የታሰበው ያ ገንዘብ ነበር። ልጅቷን ቤት ገብተን ስንቀመጥ አይተናታል። ቡናውን ያፈላችልን እሷ ናት።

እኔ መምህር ነኝ። በየዓመቱ ከክፍል የሚጎድል ልጅ ስም ዝርዝር ላይ ቀይ መስመር አሰምራለሁ። "አቋርጣለች" ብዬ እጽፋለሁ። አንበሳ ምክንያት ይሆናል ብዬ ግን አስቤ አላውቅም።

"ታድያ አባታችን፣ አንበሳውን አይጠሉትም?" አልኳቸው።

መልሳቸውን ስካውቱ እንዲህ ብሎ ነው የተረጎመልን፦ "ለምን እጠላዋለሁ? አላህ ሥጋ በል አድርጎ ፈጠረው። ጅብም ይበላል፣ ሰው ሌባም ይነዳል። እኔን የሚከነክነኝ ሌላ ነው። እናንተ ከከተማ ትመጣላችሁ፣ አንበሳው የሁላችንም ነው ትላላችሁ። እሺ፣ የሁላችንም ይሁን። ጊደሯ ስትበላ ግን የእኔ ብቻ ናት።"

ከዚያ በኋላ ቡናው አልወርድ አለኝ።

ሰውዬው የተናገሩት ነገር ስንመለስ መንገዱን ሙሉ አብሮኝ ነበር። ሒሳብ ሠራሁ። ለጉዞው ካወጣነው ገንዘብ አብዛኛው የሄደው ለመኪና፣ ለነዳጅና ለከተማ አልጋ ነው። ሪራ ላይ ያወጣነው የሁለት ኪሎ ማር ዋጋ ነበር፤ ቡናውንማ በነፃ ነው የጠጣነው። አንበሳውን በሕይወት ያቆየው ግን የጎባ ሆቴል አይደለም። ጊደሩ ተበልታበት መርዝ ያልረጨ፣ ጠመንጃ ያልተበደረ ገበሬ ነው።

ምክንያቱም ሌላው መንገድ ቀላል ነው። አንበሳ ከበላው ከብት የተረፈውን ትቶ ሄዶ ተመልሶ ይመጣል። አንድ ሰው ተናዶ ያ ሥጋ ላይ መርዝ ቢያደርግ በአንድ ሌሊት መንጋው ያልቃል፤ ጅቡም፣ ጥንብ አንሣውም አብሮ ያልቃል። ይህ በአፍሪካ ብዙ ቦታ የሆነ ነገር ነው። አንበሳ የሚያልቀው ሁልጊዜ በክፉ ሰው እጅ አይደለም። ብዙ ጊዜ ከብቱን ባጣ፣ የሚሰማው ሰው ባጣ ሰው እጅ ነው።

መፍትሔ የለውም? አለው። ከጎረቤታችን ከኬንያ ሁለት ነገር ልንገራችሁ።

አንደኛው የአንድ ልጅ ታሪክ ነው። ሪቻርድ ቱሬሬ ይባላል፤ ናይሮቢ ብሔራዊ ፓርክ አጠገብ ያደገ የማሳይ ልጅ ነው። የአባቱን ከብት የመጠበቅ ኃላፊነት የእሱ ነበር፤ አንበሳ ማታ እየመጣ ይፈጅበታል። በመጀመሪያ እሳት ሞከረ፤ እሳቱ ለአንበሳው በረቱን የሚያሳይ መብራት ሆነለት። ሰው መሳይ ማስፈራሪያ አቆመ፤ አንበሳው በሁለተኛው ቀን ነቃበት። አንድ ማታ ባትሪ ይዞ በበረቱ ዙሪያ ሲዘዋወር ግን አንበሳው አልመጣም። የሚንቀሳቀስ መብራት እንደሚፈራ ገባው። ከዚያ አሮጌ የመኪና ባትሪ፣ የሶላር ሰሌዳ፣ የሞተር ሳይክል የፍሬቻ መሣሪያ አገጣጥሞ ሌሊቱን ሙሉ ተራ በተራ ብልጭ ድርግም የሚሉ አምፖሎች በረቱ ዙሪያ ተከለ። ይህን ሲሠራ 11 ዓመቱ ነበር። በ2005 ዓ.ም. በ13 ዓመቱ አሜሪካ ሄዶ ቴድ መድረክ ላይ ተናገረ። ፊዚክስ የሚያስተምሩ ወዳጆቼ፣ ይህችን ለተማሪዎቻችሁ ንገሩልኝ።

ሁለተኛው አምቦሴሊ አካባቢ በፈረንጆቹ 2007 የተጀመረው "የአንበሳ ጠባቂዎች" የሚባለው ሥራ ነው። ድሮ አንበሳ በመግደል ስም ያወጡ የነበሩትን የማሳይ ወጣቶች ቀጥረው ደመወዝ ይከፍሏቸዋል። ወጣቶቹ ዱካ ይከተላሉ፣ ለእያንዳንዱ አንበሳ ስም ያወጣሉ፣ "ዛሬ በዚህ በኩል ከብት አታሰማሩ" ብለው ለእረኛው ይነግራሉ፣ የጠፋ ከብት ይፈልጋሉ፣ በረት ያጠናክራሉ። ጀግንነቱ አልቀረም፤ አንበሳ ከመግደል ወደ መጠበቅ ዞረ እንጂ። ጎፈር ለምናውቅ ለእኛ ይህ የሚገባን ነገር ይመስለኛል።

ባሌ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፍሯል። ደስ ብሎናል፣ ፌስቡክ ላይ ተለጣጥፈናል፣ እኔም ለጥፌያለሁ። አሁን የሚቀረው ያ ክብር ወርዶ ሪራ የሚደርስበት መንገድ ነው።

ስለዚህ ሐረና የምትሄዱ ወዳጆቼ፣ እንዲህ አድርጉ። የአካባቢውን ልጅ አስጎብኚ አድርጋችሁ ያዙ፤ ዱካ የሚያውቀው እሱ ነው። ፈረስ ካስፈለጋችሁ ከመንደሩ ተከራዩ። ማሩን፣ ቡናውን እዚያው ግዙ፤ ዋጋ አትከራከሩ። ምግብ የሚሠራላችሁ እናት ፈልጉ። ሳነቴ ላይ ቀስ ብላችሁ ንዱ፣ ቀበሮ ይገጫል። ውሻ ይዛችሁ አትሂዱ፤ የእብድ ውሻ በሽታ ቀበሮዎቹን ደጋግሞ ፈጅቷቸዋል። ማታ ከድንኳን አትውጡ። አንበሳ ካላያችሁም አትናደዱ፤ እሱ አይቷችኋል።

ከተመለስን በኋላ ይህንኑ ታሪክ ለ11ኛ ክፍል ተማሪዎቼ ነገርኳቸው። የአፍሪካን ካርታ ሰሌዳ ላይ ሥዬ ድሮ አንበሳ የነበረበትንና ዛሬ የቀረበትን በጠመኔ አሳየኋቸው። ከዚያ "አንበሳው ይኑር ወይስ ይወገድ?" ብዬ ክርክር አስጀመርኩ። ክፍሉ ለሁለት ተከፈለ። ከተማ ያደጉት በሙሉ "ይኑር!" አሉ። ከገጠር የመጡት ዝም አሉ። አንዱ ብቻ ተነሥቶ፣ "ይኑር የሚሉት ጊደሯን ይክፈሉ" አለና ተቀመጠ። ሳቁበት። እኔ አልሳቅኩም፤ ከዚያ ክርክር ውስጥ ዐዋጅ የሚሆን ነገር የተናገረው እሱ ነው።

ደወል ሊደወል ሲል ከኋላ የምትቀመጥ ዝምተኛ ተማሪ እጇን አወጣች።

"ቲቸር፣ ልጅቷስ? ትምህርቷን ቀጠለች?"

ስካውቱ ጋ ደውዬ ነበር። በሁለተኛው መንፈቅ አልተመለሰችም፤ አባቷ ለመስከረም አስበዋል፤ ማሩ ከተሸጠላቸው። ለክፍሉ ይህንኑ ነገርኳቸው። ማንም ምንም አላለም፤ ደወሉም ተደወለ።

እኛ አራታችን ማር የሚፈልግ ሰው ከየቤተሰባችን እየመዘገብን ነው፤ ገንዘቡ በቀጥታ ለእሳቸው ነው የሚሄደው። የሐረና ማር የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። በመስከረም ልጅቷ ክፍል ገብታ እንደሆነ አጣርቼ እዚሁ እነግራችኋለሁ።

ቸር እንሰንብት።